ቀኑ የማን ነው? የለንደኑ የድብ ግቢ ሙግት

በከሚሴ ከተማ የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ከአገራችን እጅግ ርቆ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለተነሣ የንግድ ጠብ ነው። ቦታው ለንደን ነው። የጠቡ ምክንያት ድብና በሬ ከውሻ ጋር ሲናከሱ ሕዝብ ገንዘብ እየከፈለ የሚያይበት አንድ ክብ ቤት ነው። ከሚሴ ድረስ መጥቶ ስለ ድብ ማውራት ምን ይባላል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ከእናንተ የበለጠ የሚረዳ አድማጭ ይኖራል ብዬ አላምንም። እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ሰው፣ የአፋር ግመልና የደጋ እህል በአንድ ሜዳ ሲገናኙ እያየ ያደገ ሰው፣ የገበያ ቀን ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አይፈልግም። በበጋ የጨፋ ሣር ላይ ስንት ዓይነት ከብት አርቢ እንደሚገናኝ፣ ማን መቼና የት ያሰማራል በሚል ስንት ሽማግሌ እንደሚቀመጥም ታውቃላችሁ።

የለንደኑን ጠብ የጻፉ ብዙዎች ነገሩን የገንዘብ ስስት አድርገው ያልፉታል። ስስት አልነበረም አልልም። ነገር ግን ሰነዶቹን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ሌላ ነገር ያያል። በዚያ ቤት ላይ መሬቱ የአንዱ፣ የንጉሡ ፈቃድ የሌላው፣ ሕንፃው የሦስተኛው፣ ከብቱና ድቡ የአራተኛው፣ መድረኩ ላይ ወጥቶ ሕዝብ የሚስበው ደግሞ የአምስተኛው ነበር። እነዚህ ሁሉ መብቶች አንድ ቦታ ላይ ተደራርበው ሲኖሩ የመጨረሻው ጥያቄ አንድ ሆነ፤ ዛሬ ቀኑ የማን ነው? ንግግሬ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። የምጠራቸው ዓመታት፣ የኛው ነው ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገር።

በመጀመሪያ ቦታውን ላሳያችሁ። ለንደንን ቴምዝ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በዚያ ዘመን ዋናው ከተማ በሰሜኑ ዳር ነበር። የከተማው ሹማምንት በደጃቸው እንዲሆን የማይፈልጉት ነገር ሁሉ፣ ቲያትሩም፣ ቁማሩም፣ የሴተኛ አዳሪው ቤትም፣ ወደ ደቡቡ ዳር ይሻገር ነበር። እዚያ ባንክሳይድ የሚባል ሰፈር አለ፤ ብዙው መሬት የዊንቸስተር ጳጳስ ይዞታ ስለነበረ የከተማው ሹማምንት ሥልጣን አይደርስበትም። ሰው በጀልባ እየተሻገረ ይሄዳል። የድብ ግቢው የሚገኘው እዚያ ነበር።

ግቢው ክብ የእንጨት ቤት ነው፤ ጣሪያው ክፍት፣ ዙሪያው መቀመጫ፣ መካከሉ አሸዋማ ሜዳ። ከሜዳው መሐል ምሰሶ ተተክሏል። ድቡን በሰንሰለት ከምሰሶው ጋር ያስሩታል፤ ከዚያ ማስቲፍ የሚባሉ ግዙፍ ውሾች ይለቁበታል። ድቡ ከሰንሰለቱ ርዝመት አልፎ መሸሽ አይችልም። ውሻው ጉሮሮውን ወይም አፍንጫውን ይይዛል፤ ድቡ በመዳፉ ይመታዋል፣ ያደቀዋል፤ አንዱ ውሻ ሲወድቅ ሌላው ይተካል። የበሬው ተራ ሲደርስ ደግሞ በሬው ውሻውን በቀንዱ አንሥቶ ወደ ላይ ሲወረውር ሕዝቡ ቤቱን በጩኸት ይሞላዋል። ከዚህ የከፋም ነበር። ዓይኑ የጠፋ ድብ አስረው፣ አምስት ስድስት ሰዎች ዙሪያውን ቆመው በጅራፍ ይገርፉታል፤ ድቡ አለንጋው ከየት እንደሚመጣ ሳያይ ይወራጫል። ይህን ጨዋታ ብለው ይጠሩት ነበር። እንስሳ ነፍስ እንዳለው ለሚያምን ሰው ነገሩ ግፍ ነው፤ ስለ ገንዘቡና ስለ ውሉ ስናወራ ይህን አንርሳ።

ዋጋው ርካሽ ነበር። በር ላይ አንድ ፔኒ፣ ወደ መቀመጫው ለመውጣት ሌላ ፔኒ፣ ሳይጋፉ ለማየት ሦስተኛ ፔኒ። ሥራ ፈቱም፣ ነጋዴውም፣ የውጭ አገር መልእክተኛውም ይመጣል። ድቦቹ ስም ነበራቸው፤ ሃሪ ሃንክስ፣ ሳከርሰን፣ ጆርጅ ስቶን ይባሉ ነበር። ሳከርሰን የሚለውን ስም ሼክስፒር ራሱ ከድራማዎቹ በአንዱ ጠቅሶታል። በ1583 ጥር 13 ቀን፣ እሑድ፣ ሕዝብ ጢም ብሎ ሳለ መቀመጫው ተደርምሶ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሰውም ቆሰለ። ሰባኪዎቹ የሰንበትን ክብር ለደፈሩ የመጣ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው አሉ። ግቢው ግን ብዙም ሳይቆይ እንደገና ተሠራ፤ ሕዝቡም ተመለሰ።

ለምን ተመለሰ? ገንዘብ ስላለበት ብቻ አይደለም፤ ቤተ መንግሥቱ ስለሚፈልገው ነው። የድብ፣ የበሬና የውሻ ጨዋታ የንግሥና ጨዋታ ተብሎ አዛዥ የተሾመለት ሥራ ነበር። ንግሥት ኤልሳቤጥ ትወደው ነበር። በ1591 የንግሥቲቱ አማካሪዎች ምክር ቤት ሐሙስ ቀን ቲያትር እንዳይታይ አገደ፤ የሰጠውም ምክንያት ቲያትሩ የድቡን ጨዋታ ሕዝብ እየወሰደበት ነው የሚል ነበር። እዚህ ላይ ቆም እንበል። መንግሥት ለአንድ ንግድ ሲል የሌላውን ንግድ ቀን ዘጋ ማለት ነው። ወደ ኋላ የምናየው ጠብ ሁሉ ሥሩ እዚህ ይመስለኛል፤ ቀን በትእዛዝ የሚሰጥና በትእዛዝ የሚነጠቅ ነገር ከሆነ በኋላ፣ ሥልጣን ያለው ሁሉ የሌላውን ቀን መመኘት ይጀምራል።

የጨዋታው አዛዥ ከመላው አገር ድብ፣ በሬና ውሻ የመውሰድ መብት ነበረው። ድብ ግቢ ይዞ ለመነገድ የፈለገ ሰው ታዲያ ቤቱን ገዝቶ ብቻ አይዘልቅም፤ ሥልጣኑንም መያዝ አለበት። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ይገባሉ። አንደኛው ፊሊፕ ሄንስሎ ነው፤ ቤት አከራይ፣ አራጣ አበዳሪ፣ ሮዝ የሚባለውን ቲያትር በ1587 ያሠራ ነጋዴ። ሁለተኛው ኤድዋርድ አሊን ነው፤ በዘመኑ በለንደን ከነበሩት ተዋንያን እጅግ ዝነኛ ከሆኑት አንዱ። አሊን በ1592 የሄንስሎን የእንጀራ ልጅ አገባና ሁለቱ በጋብቻም በንግድም ተሳሰሩ።

አሊን ሒሳቡን በእጁ ጽፎ አስቀምጦልናል። በታኅሣሥ 1594 የድብ ግቢውን ድርሻ በ200 ፓውንድ ገዛ። በኋላ ለንጉሡ ፈቃድ 250 ፓውንድ ጨመረ። አሥራ ስድስት ዓመት ይዞ በየዓመቱ 60 ፓውንድ ሲያገኝ ቆየ፤ ጠቅላላው 960 ይሆናል። በየካቲት 1610 ድርሻውን ለሄንስሎ በ580 ፓውንድ ሸጠ። 450 አውጥቶ 1,540 አስገባ ማለት ነው። አሊን ትርፉን የሚያውቅ ሰው ነበር፤ አባቴ እያለ ለሚጠራው ለሚስቱ እንጀራ አባት ሲሸጥ እንኳ ዋጋውን አልጣለም።

ፈቃዱ ግን በቀላሉ አልተገኘም። ንግሥቲቱ ሞታ ጄምስ በ1603 ሲነግሥ እሑድ ቀን ድብ ማዋጋት ተከለከለ። እሑድ ማለት ሠራተኛው ሁሉ የሚያርፍበት፣ ገበያው የሚደራበት ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን አዛዥነቱን ሰር ዊልያም ስቱዋርት የሚባል የንጉሡ ሰው ያዘው። ሄንስሎና አሊን በ1604 ሥልጣኑን ከእሱ በ450 ፓውንድ ለመግዛት ተገደዱ። ከዚያ በኋላ ለንጉሡ ያቀረቡት አቤቱታ አለ። ሲጠቃለል፣ ፈቃዱን በውድ ዋጋ ገዛን፣ እሑዱ ተወሰደብን፣ ለእንስሳቱ ቀለብ የምናወጣው ከምናገኘው በለጠ፣ ድቦቻችንም አለቁ ነው የሚለው። ጆርጅ ስቶን የተባለው ዝነኛ ድብ የዴንማርክ ንጉሥ ለጉብኝት በመጣ ጊዜ በፊቱ ሲዋጋ ሞቷል፤ ይህንንም በአቤቱታው ላይ እንደ ንግድ ኪሳራ አስፍረውታል። የእንግዳ ንጉሥ ዓይን ለማስደሰት የጠፋች ነፍስ በሒሳብ መዝገብ ላይ የወጪ መስመር ሆነች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ልቤ ይቆስላል።

ከሰነዶቹ ሁሉ ለእናንተ ላመጣው የጓጓሁት ግን አንድ የበሬ ሻጭ ደብዳቤ ነው። የጻፈው ዊልያም ፎንት የሚባል የገጠር ባላባት፣ የተጻፈለት አሊን ነው። ሰውየው ከድብ ግቢው ሁለት ድብ እየነዳ ካለፈ ሰው፣ አሊን ኮርማ መግዛት እንደሚፈልግ ሰምቷል። እንዲህ ይላል፤ ከምዕራብ አገር የመጡ ሦስት ኮርማዎች አሉኝ፤ ዕድሌ ግን አልሰመረም። የምዕራብ ኮከብ የምለው አሮጌው ኮርማዬ ቀንዱ ከሥሩ ተሰብሯል፤ ከእንግዲህ የሚዋጋ አይመስለኝም። ቤቪስ የሚባለው ደግሞ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ግን ብትወስደው ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይልብሃል፤ ወይ ውሾችህን ወርውሮ ሰገነት ላይ ይሰቅላቸዋል፣ ወይ ከፍርግርጉ ጋር አላትሞ ጭንቅላታቸውን ያፈርሰዋል። ደግሞም የራትላንድ ጌታ ሰው 20 ማርክ ሰጥቶኝ አልሸጥኩትም።

የከብት ተራ የዋለ ሰው ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ሻጩ የከብቱን ነውር እየተናገረ ዋጋውን ይሰቅላል። አይሆንህም እያለ ያስጎመጀዋል። ማን ስንት ሰጥቶኝ እምቢ አልኩ የሚለውም በከብት ተራ ከሚሰማው የተለየ አይደለም። ልዩነቱ እዚህ ኮርማ የሚገዛው ለርቢ፣ ለእርሻ ወይም ለሥጋ ነው፤ የፎንት ኮርማ የሚሸጠው ግን ቀንዱ እስኪሰበርና ዓይኑ እስኪፈስ ውሻ ሊለቀቅበት ነው። ቀንዱ የተሰበረውና ዓይኑ የጠፋው በደብዳቤው ውስጥ ከዋጋው ጋር ጎን ለጎን ተጽፎ ስናየው ሥራው ምን እንደነበር ግልጽ ይሆናል።

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ። ዓመቱ 1613 ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ሱስንዮስ ነግሠዋል። በዚያ ዓመት ሰኔ 29 ቀን ሼክስፒር ይሠራበት የነበረው ግሎብ የሚባለው ትልቅ ቲያትር ተቃጠለ። ሄንስሎ ጊዜ አላጠፋም። ነሐሴ 29 ቀን፣ ልክ ሁለት ወር እንደሞላ፣ ጄኮብ ሚድ ከሚባል ሸሪኩ ጋር ሆኖ ጊልበርት ካተረንስ የሚባል አናጢ ጠርቶ ውል ተፈራረመ። ሚድ የቴምዝ ጀልበኛ የነበረ፣ የድቦቹንም ሥራ በእጁ የያዘ ሰው ነው። ውሉ እንዲህ ይላል፤ አሮጌው የድብ ግቢ ይፍረስ፤ በቦታው ለሁለት ሥራ የሚሆን ቤት ይሠራ፤ መጠኑ ስዋን እንደሚባለው ቲያትር ይሁን፤ መድረኩ የሚነሣና የሚቀመጥ ይሁን፤ ከመድረኩ በላይ ያለው ጣሪያ ከሥሩ ምሰሶ ሳይኖረው ይቁም፤ ስድስት ኮርማና ሦስት ፈረስ የሚይዝ በረትም ይጨመር። ዋጋው 360 ፓውንድ፣ ማስረከቢያው ኅዳር 30። ካተረንስ ደግሞ የጡቡን ሥራ በ80 ፓውንድ ጆን ብራውን ለሚባል ግንበኛ አሳለፈ። ቤቱ ሆፕ ተባለና በ1614 ሥራ ጀመረ።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገራችን ሰው፤ የሄንስሎ ሐሳብ ይኸው ነበር። ድቡ ባያዋጣ ቲያትሩ፣ ቲያትሩ ቢታገድ ድቡ። በወረቀት ላይ ሲታይ ብልህ ሐሳብ ነው። ችግሩ ሁለቱ ባላ በአንድ ጉድጓድ መተከላቸው ነው። ድብ የሚዋጋበት ቀን ተዋናይ አይሠራም፤ ተዋናይ በሚሠራበት ቀን ድብ አይወጣም። ሽታውም አለ። ቤን ጆንሰን የሚባለው ታላቅ ጸሐፊ በጥቅምት 1614 በዚያው ቤት ባሳየው ድራማ መግቢያ ላይ የቤቱን ቆሻሻና ግማት ለሕዝብ በግልጽ ተናግሯል፤ ከከብት ገበያ ሽታ ጋር ነው ያስተያየው።

እኛ ዘንድ ርቢ የሚባል ስምምነት አለ። አንዱ ላም ይሰጣል፤ ሌላው ይጠብቃል፣ ያስግጣል፣ ያልባል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ርቢ ብዙ ጊዜ ሰላም የሚሆነው ማን ምን እንደሰጠና ምን እንደሚያገኝ ጥጃው ከመወለዱ በፊት ስለሚታወቅ ነው። ጊደር ብትወልድ የማን፣ ወይፈን ብትወልድ የማን፣ ላሟ ብትሞት ቆዳው ወዴት፣ ሁሉም አስቀድሞ ይነገራል፤ ምስክር ይቀመጣል። በሆፕ ግን ሄንስሎ ገንዘቡን፣ ሚድ ጉልበቱንና ድቦቹን፣ ተዋንያኑ ጥበባቸውን አምጥተው ሳለ፣ የሚወለደው ገቢ እንዴት እንደሚከፈል የሚያውቀው መዝገቡን የያዘው ሄንስሎ ብቻ ነበር።

ተዋንያኑ የገቡበትን ውል ተመልከቱ። በሚያዝያ 1614 አንድ ተዋናይ ከሄንስሎና ከሚድ ጋር የተፈራረመው ውል ቃሉ ደርሶናል። ለልምምድ ቢዘገይ አንድ ሽልንግ ይቀጣል። ለትርዒቱ ቢዘገይ ሦስት ሽልንግ። ሰክሮ ቢገኝ አሥር። ያለ ፈቃድ ቢቀር ሃያ። ከቲያትሩ ልብስ ለብሶ ቢወጣ ቅጣቱ 40 ፓውንድ ነው፤ ቤቱን በሙሉ ለመሥራት ከወጣው ወጪ ዘጠነኛ እጅ ማለት ነው። ልብሱ ደግሞ ተዋንያኑ ከገቢያቸው እየቆረጡ ዕዳውን የሚከፍሉበት፣ ወረቀቱ ግን በሄንስሎ ስም ያለ ልብስ ነው።

በ1615 ተዋንያኑ ተሰብስበው ቅሬታቸውን በጽሑፍ አወጡ። ከአሥራ አራት ቀን አንዱን ቀን ለድቡ ጨዋታ ሲባል ሥራ እንደሚፈቱ ጠቅሰው፣ በሒሳቡ ላይ ያላቸውን ክስ ዘረዘሩ። ሄንስሎ የዕዳ ሰነዱን ሁሉ በራሱ ስም አጻፈ፤ የከፈልነውን አላወራረደም፤ ከዕዳ እንድንወጣ አይፈልግም፣ ከዕዳ ከወጣን እንደማይገዛን ያውቃልና፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት የቲያትር ጓድ በታተነ፤ ክሳቸው ይህ ነው። የሄንስሎ ጠበቃ ሆኖ መናገር የሚፈልግ ሰው፣ እሱ ገንዘብ ባያበድር እነዚህ ተዋንያን ልብስም መድረክም አይኖራቸውም ነበር ሊል ይችላል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በዕዳ ማሰር ዘዴው እንደነበር ከሰነዱ ሁሉ ይታየኛል፤ ፍርዴን እዚህ ላይ አልሸሽግም፤ ተዋንያኑ ተበድለዋል።

ጉዳዩ ሳያልቅ ሄንስሎ በጥር 1616 ሞተ። ሀብታም ሲሞት የሚሆነው ሆነ። ጆን ሄንስሎ የሚባል የወንድሙ ልጅ ኑዛዜው ትክክለኛ አይደለም ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። አሊን ግን የሄንስሎን ድርሻ ተረከበ፤ በስድስት ዓመት ልዩነት ወደሸጠው ግቢ ተመለሰ ማለት ነው። መጋቢት 20 ቀን 1616 እሱና ሚድ ከልዑል ቻርልስ የቲያትር ጓድ ጋር አዲስ ስምምነት አደረጉ። ተዋንያኑ ለሄንስሎ 400 ፓውንድ ዕዳ እንደነበረባቸው አመኑ፤ አሊን ግማሹን ትቶ 200ውን ከሰገነቱ የቀን ገቢ ሩብ እየተቆረጠ እንዲከፈለው ተስማማ። ይህ መልካም ሥራ ነው። የአሊን ልብ ለተዋንያን የራራው ራሱ በመድረክ ላይ ያደገ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል።

ግን ዕዳው ቀለለ እንጂ ቀኑ አልተፈታም። ብዙም ሳይቆይ ተዋንያኑ ባንክሳይድን ለቅቀው ወጡ። ለአሊን የላኩት ደብዳቤ ይገኛል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ድራማ ጸሐፊው ዊልያም ሮውሊ ነው። አለቃችን፣ ከዚያ ሰፈር መልቀቃችንን በክፉ አትይብን ይላሉ። ክፉውን የአየር ጠባይ ችለን ቆምን፤ ከአየሩ የከፋው ሚድ ግን በተራ የሚገባንን ቀን ወስዶ ገፍቶ አስወጣን። ከዚያም አዲስ ቤት እስኪያገኙ 40 ፓውንድ እንዲያበድራቸው ይለምኑታል።

በክረምት ጣሪያ በሌለው ቤት ለሚሠራ ሰው ፀሐይ የወጣችበት ቀን ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አስቡ። ዝናብ ሲሆን ሕዝብ አይመጣም። ብራ በሆነው ቀን ሚድ ድቦቹን ያወጣል። ውሉ በአሥራ አራት ቀን አንድ ቀን ቢልም፣ የትኛው ቀን እንደሆነ የሚወስነው የቤቱ ቁልፍ በእጁ ያለው ሰው ነው። ሚድንም አንድ ጊዜ እንስማው። ድብ ቲያትር ኖረም አልኖረ በየቀኑ ይበላል፤ ማስቲፉም ይበላል፤ ፈቃዱ በውድ ተገዝቷል፤ እሑድ ተከልክሏል። ከቀረው ሳምንት ጥሩውን ቀን ካላገኘ በምን ይቀልባቸዋል? እሱም የራሱ ጭንቀት ነበረው። ስለዚህ ነው ጠቡን ከክፉ ሰው ይልቅ ከውሉ የምጀምረው። መሬት ኪራይ ይጠይቃል፣ ፈቃድ ዋጋ ይጠይቃል፣ እንስሳ ቀለብ ይጠይቃል፣ ተዋናይ ደመወዝ ይጠይቃል፤ የሚከፍለው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ሕዝብ የሚመጣበት ብራ ቀን። አሊንና ሚድም በመጨረሻ ከክርክር አልዳኑም።

ስለ መሬቱም ሙግት ነበር። በ1620 አካባቢ የቦታው ይዞታ በዘውዱና በዊንቸስተር ጳጳስ መካከል ክርክር አስነሣና ፍርድ ቤቱ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠራ። ከመሰከሩት አንዱ የ77 ዓመቱ ጆን ቴይለር ነው። ድብ ሲዋጋ በአራት የተለያዩ ቦታዎች አይቻለሁ ብሎ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ መጀመሪያ በወንዙ ዳር በሜሰን ደረጃ አጠገብ፣ ቀጥሎ በሜይድ ሌን በዓሣ ኩሬው ማዕዘን፣ ከዚያ የዊልያም ፔይን ይዞታ በነበረው ግቢ፣ በመጨረሻም አሁን ባለበት። ከሰባ ዓመት በፊት ምሰሶው የት ተተክሎ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከወረቀት እኩል ተሰማ።

ወሎ ውስጥ አበጋሮች ሲቀመጡ ያየ ሰው ይህን ምስክርነት በሚገባ ያውቀዋል። ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ወንዙ የት ይፈስ እንደነበር፣ የማን ከብት በየት በኩል ወርዶ ይጠጣ እንደነበር ሽማግሌው ይናገራል። አፋር፣ ኦሮሞ፣ አማራና አርጎባ የሚገናኙበት አገር ያለ እንዲህ ያለ ትውስታ አይኖርም። የለንደኖቹ ግን ሽማግሌውን የጠሩት ለመሬቱ ብቻ ነው። ለቀኑ ሽማግሌ ቢጠሩ፣ ሚድና ሮውሊ ፊት ለፊት ተቀምጠው ክረምቱን በብራና በዝናብ ቀን ቢካፈሉ፣ ሆፕ የቲያትር ቤትነቱን በዚያ ፍጥነት የሚያጣ አይመስለኝም። ተዋንያኑ ከሄዱ በኋላ ቤቱ ቀስ በቀስ ወደ ድብ ግቢነቱ ተመለሰ፤ ሰዉም ሆፕ የሚለውን ስም ትቶ በአሮጌው ስሙ ይጠራው ጀመር።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅን? አሊን ልጅ አልነበረውም። በ1619 በደልዊች፣ ከለንደን ደቡብ፣ ለ12 ድኻ ተማሪዎች፣ ለ6 ድኻ ወንዶችና ለ6 ድኻ ሴቶች መኖሪያና መማሪያ የሚሆን ተቋም አቋቋመ። ወረቀቱን ሁሉ ለዚያ ትቶ በ1626 ሞተ። የሄንስሎ የሒሳብ መዝገብ፣ የካተረንስ ውል፣ የፎንት የበሬ ደብዳቤ፣ የተዋንያኑ ልመና፣ ሁሉም እስከ ዛሬ እዚያ ተቀምጧል። ይህን ስንፈርድ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ሣጥኑ የአሊን ነው። የሄንስሎና የሚድ ጥፋት የደረሰን አሊን ባስቀመጠው ወረቀት ነው። የድቦቹንም ሥራ ለአሥራ ስድስት ዓመት ሲያተርፍበት የኖረው አሊን ራሱ ነው፤ ተቋሙ የቆመበት ገንዘብ ከቲያትሩና ከመሬቱ ጋር የዚያ ሰንሰለትም ገንዘብ አለበት። ለድኾች ያደረገውን በጎ ነገር አከብራለሁ፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ መናገርም ግዴታዬ ነው።

ግቢው በመጨረሻ በወታደር እጅ ወደቀ። እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ገብታ፣ ንጉሡ ተገድሎ፣ አገሩን የወታደር መንግሥት በያዘበት ጊዜ፣ በየካቲት 1656 ኮሎኔል ቶማስ ፕራይድ ትእዛዝ ሰጠና ሰባት ድቦች በጥይት ተገደሉ። ድቦቹን ከግፍ ለማዳን ተብሎ አልነበረም፤ ሰው የሚሰበሰብበት ነገር ሁሉ ያስፈራቸው ስለነበረ ነው። የንግሥናው ሥርዓት ሲመለስ ጨዋታውም ተመለሰ። በእንግሊዝ ድብና በሬ በውሻ ማስነከስ በሕግ የታገደው ገና በ1835 ነው፤ ከሆፕ ውል በኋላ ከሁለት መቶ ሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። የእኛው የወንጀል ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው፣ በሕዝብ ፊት እንስሳን ማሠቃየትን፣ እንስሳትን እርስ በርስ የማዋጋት ትርዒት ማዘጋጀትንም፣ በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። እረኞች ኮርማ ለኮርማ ሲያገጣጥሙ የምታዩ ወላጆች፣ ድንጋጌው እናንተንም የሚመለከት መሆኑን እወቁልኝ።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። በተለይ በሰንበቴና በባቲ ከብት ተራ የምትሠሩ ደላሎች፣ ርቢ የሰጣችሁና የተቀበላችሁ፣ በሄንስሎ ውል ላይ ምን እንደምትጨምሩና ምን እንደምትቀንሱ ከእናንተ መስማት እፈልጋለሁ።